ምድጃ ላይ ያደረው ገመድ

ከካፋ ከተመለስኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ያንን ዛፍ ባሰብኩ ቁጥር ግን መዳፌን አሁንም ያልበኛል። ቢሮ ውስጥ "ጉዞ እንዴት ነበር?" ለሚለኝ ሁሉ፣ ከአለቃዬ በቀር፣ "ደህና" እያልኩ አልፌአለሁ። ውሸቴን ነው፤ ደህና አልነበረም። ከመነሻው ጀምሬ እንደሆነው ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ማክሰኞ፦ ከአዲስ አበባ ጅማ

የተነሳሁበት ጉዳይ ሲሰሙት ያስቃል እንጂ አያስደነግጥም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሥራዬ ፕላስቲክ መለጠጥ ነው። አዎ፣ ለዚህ ደሞዝ ይከፈለኛል። ፕላስቲኩን እንለጥጥና ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን እናበራበታለን። ውስጡ ምን እንደተለወጠ መሣሪያው በመስመር ይስልልናል። ስፔክትሮስኮፒ የሚሉት ይህን ነው።

ከባድ ዕቃ በፌስታል የተሸከመ ሰው ሁሉ የሥራዬን ግማሽ ያውቃል። እጀታው ሲሳብ ይቀጥናል፣ ነጣ ይላል፣ ግን ወዲያው አይበጠስም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። እንደ ጎፈረ ፀጉር የተወሳሰቡት ሞለኪውሎች ተበጥረው በአንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ ነው። እህል የምንሞላበት የማዳበሪያ ከረጢት ክሩ ፋብሪካ ውስጥ እንዲሁ ተለጥጦ የተሠራ ነው፤ ጥንካሬውም ከዚያ ነው።

ባለፈው ዓመት ካፋ ውስጥ ማንኪራ የምትባል ቀበሌ ሄጄ፣ ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች በሀረግ ፋንታ ይህን ክር ተርትረው የዛፍ መውጫ ገመድ ሲገምዱ አይቼ ነበር። ናሙና ወሰድኩ፣ ለካሁ፣ ተደነቅሁ። ጋሽ ኮቺቶ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ ቀፎ ሰቃይ "ከሀረግ ይበልጣል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፌን ሞልቼ "በጣም ይበልጣል፣ አይጠራጠሩ!" አልኳቸው። ይህችን መልሴን አንባቢ ይያዝልኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው በኋላ ነው የገባኝ።

የአሁኑ ጉዞዬ ዓላማ ያ ገመድ በዓመቱ እንዴት እንዳረጀ ማየት ነበር። ለዚህም በእጅ የሚያዘውን ትንሹን መሣሪያ ፈርሜ ወሰድኩ። ከአውቶቡስ ተራ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ስንነሳ ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ተከራከረኝ። "እኔን ጣሪያ ላይ ጫነኝ፣ እሱ እዚህ ይቀመጥ" አልኩት። እስከ ጅማ ድረስ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሄድኩ።

ወልቂጤ ፍርፍር በላን። የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ከዚያ በኋላ ፍተሻ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ሻንጣውን አስከፈተኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የፕላስቲክ መመርመሪያ ነው።"

"ፕላስቲክ ምን ሆነና ነው የሚመረመረው?"

"ታሞ እንደሆነ ለማየት ነዋ።"

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ፖሊሱም ፈገግ ብሎ "በይ ዝጊው፣ ዶክተር" አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም ገና አልጨረስኩም። ማንኪራ ውስጥም ሁሉም የሚጠራኝ እንዲሁ ነው። ባለፈው ዓመት "አይደለሁም" ብዬ ማረም ጀምሬ ሰልችቶኝ ተውኩት።

ረቡዕ፦ ቦንጋ

ጅማ አድሬ ጠዋት በሚኒባስ ተነሳሁ። እስከ ጎጀብ ሸለቆ ድረስ ፀሐይ ነበር፤ ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ጉም ተቀበለን። ከዚያ በኋላ ግራም ቀኝም ጫካ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ነጋዴ፣ ሸቀጥ ጭነው ወደ ዋጫ የሚያልፉ አባት፣ መስታወቱን እየጠረጉ "እዚህ አገር ዝናብ ቀጠሮ አይጠይቅም" አሉኝ። ቦንጋ ስንገባም እውነታቸው ሆነ። ከመነኻሪያው ጎን ቆጮ በጎመን በላሁ፤ ለአዳር አምስት መቶ ብር ከፍዬ ጣሪያው የማያፈስ ክፍል አገኘሁ።

ከሰዓት በኋላ ታሪኩ የሚባለው ልጅ መጣ። የማንኪራ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ባለፈው ዓመትም ያዞረኝ እሱ ነበር።

"ጥሩ ሰዓት መጣሽ ዶክተር። ጋሽ ኮቺቶ ነገ ቀፎ ይሰቅላሉ።"

"ገመዱን ይጠቀሙበታል?"

"ምን ማለትሽ ነው? አንቺ ይሻላል ካልሽ ወዲህ እኮ ሀረግ በእጃቸው አልነኩም። ለሌሎቹም ነግረዋል። 'ዶክተሯ በማሽን አይታዋለች' ነው የሚሉት።"

ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ለታሪኩ ሁለተኛ ሻይ ጋበዝኩት።

ሐሙስ፦ ማንኪራ

በታሪኩ ሞተር አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን፤ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ወድቀናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻንጣውን ወደ ላይ ይዤ ነው የወደቅሁት። የቀረውን በእግር ቡናው መሀል አቋርጠን ሄድን። ጋሽ ኮቺቶ ደጃቸው ላይ ቀፎውን በቅጠል እየጠቀለሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋ ሰው ናቸው።

"ዶክተር! መጣሽ? ገመዱ ይኸው፣ አለ፣ አልሞተም" አሉኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ገመዱን ከቤት ይዛው ወጣች። ነጭና ሰማያዊ የነበረው ጠቁሯል። እሷ ግን ጥጃ እንደምታሻሽጥ ሰው ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

"ሲገመድ አሥር ክንድ ነበረ። አሁን ዘጠኝ አይሞላም። ጠበቀ!"

"ሀረግም እንደዚህ ነው" አሉ ጋሽ ኮቺቶ። "ካጠረ በሰለ ማለት ነው። እኔም እያጠርኩ ነው፣ እየበሰልኩ መሰለኝ።"

ሁላችንም ሳቅን። የተለጠጠ ፕላስቲክ ማጠሩን ስሰማ የሆነ ነገር ጠርጥሬ ነበር። እርጥበት ግምዱን አጥብቆት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከጫፉ ጣት የምታህል ቆርጠው ሰጡኝና ወደ ጫካው ገባን። አቤት ሞኝነቴ! "እስክለካው ይጠብቁኝ" ማለት ምን ይከብድ ነበር?

ዛፉ ቀራሮ ነው። ጫፉን ለማየት አንገቴ እስኪሰበር አንጋጠጥኩ። ጋሽ ኮቺቶ ገመዱን በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ አዙረው አሰሩ። ከዚያ ወደ ኋላ ጋደል ብለው፣ ክብደታቸውን በሙሉ በገመዱ ላይ ጥለው፣ ግንዱን በባዶ እግራቸው እየረገጡ፣ ገመዱን ወደ ላይ እየወረወሩ ወጡ። እኔ ምን እያደረግሁ ነበር? ፎቶ እያነሳሁ!

ታሪኩ በሹክሹክታ ሥርዓቱን ነገረኝ። በዚህ ቤት ሰው ዛፍ ላይ እያለ ከታች አይናገሩትም። ከታች የተጠራ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያየም እግሩን ይስታል። መጀመሪያ የሚናገረው ላይ ያለው ሰው ነው። እስከዚያ የሚነጋገሩት ዕቃ በሚጎተትበት ሲባጎ ነው፤ አንዴ ከተሳበ "ቆይ"፣ ሁለቴ ከተሳበ "ጎትት"። ሲባጎውን የምትይዘው እትዬ ወርቄ ብቻ ናት።

ጋሽ ኮቺቶ ቅርንጫፉ ላይ ተፈናጠጡ፣ ገመዱን ከወገባቸው ፈትተው ጎናቸው አንጠለጠሉት፣ ቀፎውንም መጎተት ጀመሩ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መሣሪያውን ከፈትኩ። ከቁራጩ አንድ ክር መዝዤ መጀመሪያ በቁመቱ፣ ከዚያ በወርዱ ለካሁት። ክሩ በደንብ የተበጠረ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች ይለያያሉ፤ አንዱ ከፍ ይላል፣ አንዱ ዝቅ። ያለፈው ዓመት መስመሮች ኮምፒውተሬ ላይ አሉ፤ በመካከላቸው ጣት ያስገባሉ።

የዛሬዎቹ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ሊተኙ ምንም አልቀራቸውም።

የተሳሳትኩ መሰለኝ። የመሣሪያውን መስታወት ጠርጌ ሌላ ክር አስቀመጥኩ፤ ያው ነው። ይባስ ብሎ ባለፈው ዓመት ሜዳ በነበረበት ቦታ ላይ አንድ ጉብታ ቆሟል። ያን ጉብታ አውቀዋለሁ፤ ሙቀትና አየር የበሉት ፕላስቲክ ምልክት ነው። ሦስተኛውን ክር በጣቴ ሳጥፈው ተሰበረ። ደርቆ እንደ ጭራሮ ተሰበረ።

ስብርባሪውን እንደያዝኩ ወደ እትዬ ወርቄ ጆሮ ጠጋ አልኩ።

"እትዬ ወርቄ፣ ይህ ገመድ ቤት ውስጥ የት ነው የሚያድረው?"

ጥያቄዬ አስገረማት። "የት ያድራል? ምድጃው ላይ ነዋ። ጭስ ያልጠጣ ሀረግ ነቀዝ ይበላዋል። እሱንም እኔ ራሴ ሁልጊዜ እሰቅለዋለሁ፣ በደንብ እንዲያገኘው ዝቅ አድርጌ።"

አንድ ዓመት ሙሉ! ሀረጉን የሚያድነው ቦታ ይህንን ገመድ ቀስ እያለ ሲገድለው ኖሯል። ያ የተበጠረ ፀጉር ሙቀት ሲያገኘው ተመልሶ ይጎፍራል፣ ገመዱም ያጥራል። ማጠሩ ሞቱ ነበር፤ እነሱ ብስለቱ መሰላቸው። እኔስ? እኔ አብሬ ሳቅሁ!

ብድግ ብዬ "ጋሽ—" ከማለቴ የእትዬ ወርቄ መዳፍ አፌን ዘጋው። ጠንካራ እጅ ነው። ዓይኗ ግን ጠየቀኝ። ወደ ሰበርኩት ክር፣ ከዚያ ወደ ላይ አመለከትኩ። ገባት። ፊቷ አመድ ሲሆን አየሁ። አንድም ቃል ሳትናገር ገጀራውን ከታሪኩ እጅ ነጠቀችና ሁለቱም ወደ ጥሻው ገቡ።

እኔ ቀረሁ። ከላይ ቀፎውን ሲያስተካክሉ የሚወርደው ቅርፊት ጉልበቴ ላይ ይወድቃል። ጋሽ ኮቺቶ ዜማ ቢጤ እያጉረመረሙ ነው። ቅርንጫፉ ላይ እስካሉ ደህና ናቸው፤ ጉዱ ሲወርዱ ነው። በወጡበት ገመድ ላይ ክብደታቸውን እንደገና ይጥሉበታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቶሎ አይጨረስ ብዬ የለመንኩት ሥራ የለም።

እርጥብ ሀረግ ቆርጠው መጡ። እትዬ ወርቄ ጠምዝዛ፣ በጉልበቷ ጎትታ ፈትና፣ ሲባጎው ላይ ቋጥራ፣ ሲባጎውን ሁለቴ ሳበች። ሀረጉ እየተወዛወዘ ወጣ። ጋሽ ኮቺቶ ያዙት፣ አገላብጠው አዩት፣ ሳቁና ለቀቁት። እግራችን ሥር ዱብ አለ።

እትዬ ወርቄ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ሀረጉ ላይ ቋጠረችና እንደገና ሁለቴ ሳበች። አሁን ድምፃቸው ከላይ መጣ።

"ምን ሆነሻል ወርቄ? ሀረግ ምን ያደርግልኛል? ዶክተሯ ያለችውን ረሳሽው?"

ይህ ንግግር ከዛፍ ላይ የወደቀ ያህል መታኝ። የሚስታቸውን ቃል በእኔ ቃል እየመለሱ ነው። እትዬ ወርቄ ዞር ብላ አየችኝ። እሳቸው ተናግረዋል፤ እንግዲህ መመለስ ይቻላል፤ የሚመልሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

"ጋሽ ኮቺቶ!" አልኩ። "እኔ ነኝ! ወደ ታች አይዩ፤ ዝም ብለው ይስሙኝ። ተሳስቻለሁ! ገመዱ ሞቷል። ምድጃው ገድሎታል። በእሱ እንዳይወርዱ!"

ጸጥ አለ። ማጉረምረሙም ቆመ። ከዚያ ሲባጎው ተንቀሳቀሰ፣ የእትዬ ወርቄ ሻሽ እየተንሳፈፈ ወደ ላይ ወጣ።

በሀረጉ ወረዱ።

ጋሽ ኮቺቶ ያንን ገመድ ከትከሻቸው አወረዱ፣ አንዱን ጫፍ ለታሪኩ ሰጡ፣ ሌላውን ራሳቸው ያዙ። "እንየው" አሉ። ሁለቱም ወደ ኋላ ጋደል አሉ፣ ልክ ዛፍ ላይ እንደሚደረገው። መጀመሪያ ያዘ። ከዚያ ቀጭ አለና ታሪኩ በጀርባው ጭቃው ላይ ተዘረጋ።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ኮቺቶ የተበጠሰውን ጫፍ ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ዛፉን፣ ከዚያ እኔን። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

"አንቺ ምን አጠፋሽ?" አሉ። "ጠንካራ ነው አልሽ። ጠንካራ ነበረ።"

እትዬ ወርቄ ግን እንዲህ በቀላሉ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ሻሿን መልሳ እያሰረች "እኔ ሰቀልኩት" አለች፣ "አንቺ አወደስሽው፣ አንተ ወጣህበት። ሦስታችንም በደህና ቀን ሰው ልንገድል ነበር።" ከዚያ ፊቷን አዞረች። ቤት ስንመለስ ጎደሬ በማር አቀረበችልኝ። አልወርድ አለኝ፤ እሷም አልበላችም።

ዓርብ፦ ቤት ለቤት

ጋሽ ኮቺቶ የእኔን ቃል የነገሯቸው ሰዎች ስድስት ናቸው። ንጋት ላይ ተነስተን ቤታቸው ሁሉ ዞርን። ድንጋጤዬ የቀነሰ መስሎኝ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቤት እንደ አዲስ ተነሳ። ስድስቱም ገመዶች አንድ ቦታ ላይ ናቸው፦ ከምድጃው በላይ፣ በጥንቃቄ ተጠቅልለው። ቤቱ ለሚወደው ዕቃ የሚሰጠውን ቦታ ሰጥተውታል። አራቱ እንደ ጋሽ ኮቺቶ ገመድ ናቸው። አምስተኛው የተቀላቀለ ነው፤ ከላይ ደህና፣ ከታች የሞተ።

ስድስተኛው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ስለነበር መስመሮቹ ገና ተለያይተዋል። ባለቤቱ "ይሄስ? ደህና ነው በይኝ" አለኝ። ባለፈው ዓመት ቢሆን አፌን እሞላ ነበር። "ዛሬ ደህና ይመስላል። ነገ አላውቅም" አልኩት። ጋሽ ኮቺቶ አልጠበቁም፤ ገመዱን ወስደው በረንዳው ላይ የነበረች ጥጃ አሰሩበት። "እሷ ዛፍ አትወጣም" አሉ።

ከዚያ ሰዎቹ ተሰብስበው ስለ ሀረግ ሲያወሩ ቆዩ፤ የቱ በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ፣ የቱ ሲደርቅ እንደሚከዳ። በካፊኖኖ ስለነበር ታሪኩ እየቆራረጠ ተረጎመልኝ። አንዱ ሰውዬ ቁራጭ ሀረግ አምጥቶ መሣሪያዬ ላይ እንዳስቀምጠው ጠየቀኝ። አስቀመጥኩት፣ ብዙ ጉብታ ያለው መስመር ወጣ፣ ምን ማለት እንደሆነም አላወቅሁም። እንዳላወቅሁ ነገርኳቸው።

እሑድ፦ ቤት

ቅዳሜ ጅማ አድሬ እሑድ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። ሰኞ ላቦራቶሪ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት የናሙና መመዝገቢያ ደብተሩን መክፈት ነው። ዕድሜ፣ ቀለም፣ ውፍረት፣ የተሸከመው ክብደት፤ ዓምዶቹ ሁሉ የእኔ እጅ ናቸው። በኅዳጉ ላይ ሌላ ዓምድ በማስመሪያ ሰራሁና "የት ያድራል?" ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አይቶ "ይሄ ሳይንሳዊ አጠራር ነው?" አለኝ። የተበጠሰውን ገመድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ነገሩን ነገርኩት። ዓምዱ እንዳለ ቀረ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። የታሪኩ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የጋሽ ኮቺቶ ነበር። ገና ዛፍ ላይ ያሉ ይመስል ይጮኻሉ።

"ዶክተር! ደህና ገባሽ? አዲስ ሀረግ አበጀሁ። ወርቄ ፈርታለች፣ ምድጃው ላይ አልሰቅልም ብላለች። አንቺን ጠይቅ አለችኝ። ልስቀለው ወይስ ይቅር?"

አፌ ተከፈተ። መልስ ሊወጣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እንደ ልማዱ ሙሉ መልስ። ያ ጸጥታ፣ ያ ማጉረምረም ያቆመበት ጊዜ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

"ጋሽ ኮቺቶ" አልኩ፣ "ስለ ሀረግ እኔ የማውቀው ነገር የለም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል። ከዚያ ያ ዓይን የሚያጠፋው ሳቃቸው መጣ።

"ይኸው!" አሉ። "አሁን ገና ዶክተር ሆንሽ።"

ስልኩ ተቋረጠ። እሳቸው ይዝጉት ኔትወርክ ይጥፋ አላወቅሁም። መዳፌን በጋውኔ ጠረግሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።